የፓሽክ የሞተር ክዳን

ፓሽክ ማርኖያ ጢሙን የሚያበጥረው የመኪናው ሞተር ክዳን ላይ እያየ ነበር። መስታወት አጥቶ አይደለም። ሚስቱ ድራኔ ስትዳር ይዛው የመጣችው ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት መኝታ ቤት ቆሟል። ፓሽክ ግን መስታወት የሚያበራው ለሁሉም ሰው ነው፣ ያን ክዳን ያበራሁት እኔ ነኝ ባይ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የአሮጌዋን የጀርመን የናፍጣ መኪናውን ኮፈን ያነሳና ጎንበስ ይላል፤ በሚያብለጨልጨው አሉሚኒየም ላይ ጢሙን ግራና ቀኝ እያሾለ ከራሱ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል።

ክዳኑ ከሞተሩ አናት ላይ የሚቀመጥ ነው። ከሥሩ ቫልቮቹ ሲከፈቱ ሲዘጉ፣ ዘይት ሲረጭባቸው ይውላል፤ የእሱ ሥራ ዘይቱን ማስቀረት፣ አቧራውን መከልከል ነው። የድስት ክዳን በሉት። ድስት ያላት ሴት ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ድስቱ ውስጥ ያለው እንደሆነ ታውቃለች። ፓሽክ ግን ያን ክዳን በጥርስ ብሩሽ እየፈተገ፣ በወዝ ማውጫ ቅባት እያሸ፣ በድራኔ የሐር ሻርፕ እየወለወለ ጎልማሳነቱን ፈጀ። ከሥሩ ያለውን አንድም ቀን ገልጦ አላየም። የሞተሩን ዘይት እንኳ የሚቀይረው ትዝ ሲለው ነው፤ ትዝታው ደግሞ ደካማ ነው።

ቤቱም እንደ መኪናው ነው። ወደ መንገድ የዞረው ግድግዳ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ፣ በረንዳው ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች ተቀምጠዋል። ወደ ኮረብታው የዞረው ጀርባ ግን ልስን አያውቅም። በሸክላ ከተከደነው ከወጥ ቤቱ ጣራ ላይ አንዷ ሸክላ ከወደቀች ዘመን ተቆጥሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ድራኔ ባልዲዋን ይዛ ትሮጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ያችን ሸክላ አትመልስልኝም?» ትለዋለች።

«ጀርባው ነው እኮ። ማን ያየዋል?» ይላታል።

እሷ ታየዋለች። እሷ ግን ለፓሽክ ከሚያዩት ሰዎች ተቆጥራ አታውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቫው ደየስ ከተማ ወንድ ሁሉ ከቡና ቤቱ ፊት ለፊት ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። ፓሽክ መኪናውን እዚያው አምጥቶ ያቆምና «ሞተሩ ይተንፍስ» ብሎ ኮፈኑን ይከፍታል። ሞተሩ መተንፈስ አልቸገረውም፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ካልተመሰገነ ፓሽክ ነው። ወንዶቹም ራኪ የሚሉትን አረቄያቸውን ይዘው ይመጡና ምራቃቸውን እየዋጡ ያደንቃሉ። ከመካከላቸው የማይነሳ አንድ ሰው አለ፤ መካኒኩ ሉላሽ። እሱ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ «ላዩ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ» ይልና ሲጋራውን ይለኩሳል።

ለዚህ ሁሉ ኩራት ምክንያቱ ሠርግ ነው። በአገሩ ሠርገኛ ሙሽራ ለማምጣት ከተነሳ በመንገድ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ሽማግሌዎች እንደሚሉት ከሠርገኛው አንዱ በመንገድ ቢሞት ሬሳውን ይዘው ይሄዳሉ እንጂ አይቆሙለትም። የፊተኛዋን መኪና የሚቀድም የለም። የሙሽራዋም እግር ከአባቷ ደጃፍ እስከ ባሏ ደጃፍ መሬት አይነካም። ፊተኛዋ መኪና ታዲያ የፓሽክ ነበረች፤ የጎረቤቱን ሁሉ ሙሽራ ሲያመጣ ኖሯል። ሰው ድግስ ሲያስብ መጀመሪያ በግ ይፈልጋል፣ ቀጥሎ ፓሽክን ይለምናል። ፓሽክም መለመን ይወድ ነበር።

የገዛ ልጁ ግን አልለመነውም። ቶኒን ከኢጣሊያ መጥቶ ፑካ ተራራ ላይ ያለች ዳቫ የምትባል ልጅ አጭቶ ሲያበቃ፣ እራት ላይ ቀለል አድርጎ «አባዬ፣ ነጭ መኪና ልከራይ ነው። አዲስ ነው፣ ሁሉ ነገሩ የሚሠራ» አለ።

ፓሽክ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የእኔስ?»

«የአንተ ትቅር። አርጅታለች።»

«የባዕድ ሙሽራ ሁሉ ሳመጣ ኖሬ፣ ለገዛ ምራቴ ሰው ቀጥሬ መኪና ላስመጣ? ሉላሽ ምን ይለኛል?»

«እኔ የማገባው ዳቫን ነው፣ ሉላሽን አይደለም።»

አባትና ልጅ ለሁለት ቀን ተኳረፉ። እሑድ ግን ፓሽክ ነገሩን ቡና ቤት ወሰደው። በተከፈተው ኮፈን ፊት ቆሞ፣ ወንዶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ በጢሙ ማለ።

«የልጄን ሙሽራ በዚህች መኪና አመጣታለሁ። ከፑካ እስከ ደጄ አንድ ጊዜ በመንገድ ብትቆም ይህን ጢሜን ላጩኝ!»

በእኛ አገር ወንድ በጢሙ ከማለ ማለ ነው። ጢም የሌለው ሰው ጠረጴዛ ራስ ላይ ተቀምጦ ብርጭቆ አያነሳም፤ ቢያነሳም የሚሰማው የለም። ቶኒን ይህን ሲሰማ ነጩን መኪና ተወው። አባቱን ጢም አልባ ማየት አልፈለገም።

ክዳኑ ማላብ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከጠርዙ ሥር ዘይት እያዠ ያን የተወለወለ ጎን ያጠቁረዋል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ጠብ ሲል ደግሞ ይሸታል። ፓሽክ ማታ ይጠርጋል፣ ጠዋት መልሶ ያገኘዋል። ሽታው ሳይሆን እድፉ እንቅልፍ ነሳው። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሉላሽ ጋራዥ ሄደ።

ሉላሽ ጣቱን በጠርዙ ላይ አሳለፈና «ጋስኬቱ ነው» አለ። «ከክዳኑ ሥር ያለው ላስቲክ ደርቆ እንደ ብስኩት ሆኗል። ክዳኑን እናንሳ፣ ውስጡን እንጠበው፣ አዲስ ላስቲክ እናልብሰው። መተንፈሻ ቱቦውንም አጸዳልሃለሁ፤ እሱ ከተደፈነ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል።»

«ክዳኔን ማንም አይነካውም።»

«ታዲያ ላስቲኩን በጸሎት ላስገባው?»

«እኔው ራሴ አደርገዋለሁ። ሲሊኮን የሚሉትን ማጣበቂያ ቀብቼ ማሰር አይደል?»

«ሲሊኮን ከቀባህ ማዕዘኖቹ ላይ ብቻ፣ ጥፍር የምታህል። ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባል። ብሎኖቹንም ከመሃል ጀምረህ በስሱ እሰር፤ የሚስትህን ጣት እንደምትይዝ።»

«የሚስቴን ጣት ከያዝኩማ ቆየሁ።»

«እሱም ያስታውቃል» አለ ሉላሽ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ፓሽክ ግቢው ውስጥ ብሎኖቹን ፈቶ ክዳኑን ብድግ ሲያደርግ የውስጥ ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ዘይት ጣት በሚያህል ውፍረት ተጋግሮበታል። ለጥቂት ጊዜ አፍጥጦ ቆመና «ማን ያየዋል?» ብሎ ገለበጠው። ከዚያ ሲሊኮኑን ጀመረ። ትንሹ የሚጠቅም ከሆነ ብዙው አብልጦ መጥቀም አለበት፤ ሙሉውን ቱቦ ጨምቆ ዙሪያውን ኬክ እንደሚያስጌጥ ሰው አደረገው። ብሎኖቹን ቁልፉ ላይ በእግሩ ቆሞ እስኪያቃስቱ አጠበቃቸው። ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳም የዘይት ጉም እየተፋች ውልውሉን ታበላሽበት ስለነበር የራኪ ጠርሙስ ቡሽ በመዶሻ መታባት፤ በላዩም ሲሊኮን ደፋበት። ሲጨርስ ክዳኑ አንዲት ጠብታ አላዠም። ፓሽክም ጢሙን አሾለ።

በሠርጉ ዋዜማ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ያ ወደ ውስጥ የፈሰሰ ሲሊኮን እየተቆራረሰ ወደ ታች ወርዶ የዘይቱን ማጥለያ መዝጋት ጀምሮ ነበር። ፓሽክ ኮፈኑን ከፍቶ ክዳኑን አየ። ንጹሕ ነው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይታያል? ክዳኑ እውነት ከተናገረ ውሸታሟ መብራቷ ናት። ላች ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን ንግሥ ያመጣትን የቅዱስ እንጦንዮስን ትንሽ ሥዕል ቤት ውስጥ ከመስቀያው አውርዶ መብራቷ ላይ ለጠፋት።

ድራኔ የሙሽራዋን ወንበር ልታለብስ መጥታ አየችው። «ቅዱሱን እዚያ ምን ልታደርግበት ነው?»

«ይጠብቀናል።»

«እስከ ዛሬ መስቀያው ላይ ሆኖም ሲጠብቀን ነበር።»

«አሁን ከቅርብ ይጠብቅ» አለና በሩን ዘጋ።

ሙሽራው በወጉ ቤት ቀርቶ ይጠብቃል፤ ሠርገኞቹ ሲሄዱ ደህና ሄዱ። ፊት ባንዲራ፣ ኋላ ከበሮ፣ ተራራው ክላክሱን እያስተጋባ ፑካ ደረሱ። የሙሽራዋ አባት ግቢ ውስጥ ሲዘፈንና ሲበላ፣ ከፓሽክ መኪና ሥር የዘይት ኩሬ ተጠራቀመ። ቡሽ የተወተፈበት ሞተር ግፊቱን የሚያስወጣበት ሌላ መንገድ አግኝቶ ነበር። ከዳቫ አጎቶች አንዱ በጫማው ጫፍ እያሳየ «ወንድሜ ፓሽክ፣ መኪናህ ሸንታለች» ቢለው፣ ፓሽክ ሳቀና «በደስታ ነው» አለ።

ዳቫን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧት። ቬሎዋ ወንበሩን ሁሉ ስለሞላው ሌላ ሰው አልተረፈውም። ሰልፉ ተነሳ፣ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ከጥቂት ኩርባ በኋላ ሙሽራዋ አንገቷን ወደ ፊት ሰገግ አደረገች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ቅዱስ እንጦንዮስ ቀልቷል።»

«ማን?»

«ቅዱሱ። ፊቱ በርቷል። ቀይ ሆኗል።»

ፓሽክ አየ። እውነትም የቅዱሱ ፊት፣ የታቀፈው ሕፃን፣ በእጁ የያዘው አበባ ሁሉ ከውስጥ እንደ ፍም ቀልቶ ያበራል። ፓሽክ አማተበ።

«ልጄ፣ ባርኮሻል! ስንት ሙሽራ አመጣሁ፣ ለአንዷ እንኳ እንዲህ አላበራም።»

ዳቫ ሥዕሉን ደግማ አየች። አባቷ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ያደገችው ጋቢና ውስጥ ነው።

«የአባቴ መኪና ላይ እዚያ ቦታ ያለው የዘይት መብራት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የአባትሽ መኪና ላይ ቅዱስ አለ?»

«የለም።»

«አየሽ!»

ወዲያው ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ከበሮው ደግሞ ዛሬ አማረበት» አለ ፓሽክ።

«ከበሮ መቺዎቹ መጨረሻው መኪና ላይ ናቸው አባባ። ይሄ ከፊት ነው።»

ፓሽክ አላወቀም ብሎ የሚሟገትለት ካለ ይተወው። አውቋል። የዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ጀሪካን ዘይት አለው፤ ዳር ይዞ ሞተሩን ቢያጠፋ፣ ዘይት ቢጨምር፣ ሉላሽን ቢያስጠራ ሞተሩ በተረፈ ነበር። ግን ሠርገኛ አይቆምም። ከኋላው የሚያጅቡት መኪኖች ሁሉ ያዩታል፤ ጢሙም አለ። እንዲህ ሲጨንቀው ሰው የሚያደርገውን ሳይሆን ፓሽክ የሚያደርገውን አደረገ፤ ነዳጁን ረገጠ።

ከተማው መግቢያ ላይ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ነከሰ። ከዚያ ጸጥ አለ። ፓሽክ በድንጋጤ ማርሹን ዜሮ አደረገው፤ መኪናዋ በቁልቁለቱ ግፊት ብቻ ትንሸራተት ጀመር። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እንደ እብድ ጮኸ።

«ግፉ! ሳትቆም ግፉ! እንዳትቆም!»

ወንዶቹ ከየመኪናቸው ዘለው ወርደው፣ ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ ገና እየተንከባለለች ደርሰው ገፏት። ክላክሱ አልተቋረጠም፤ ከበሮውም ቀጠለ። ሙሽራዋ እግሯ መሬት አይነካምና መውረድ አትችልም፤ ተቀምጣ ትገፋለች። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ይባል የለ፣ ዳቫ በደንብ አድርጋ አመነች።

ቡና ቤቱ ጋ ሲደርሱ ከዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ተነሳ። ሉላሽም ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነሳ።

«ፓሽክ! ዛሬ ኮፈኑን አትከፍትልንም እንዴ?»

ሳቁ እስከ ድልድዩ ተሰማ። ሉላሽ ግን ሲጋራውን ጥሎ ሄደና ትከሻውን ከሌሎቹ ጋር አስደገፈ። የፓሽክ ደጃፍ ላይ ያለችው አቀበት ስታስቸግር ቶኒን በሙሽራ ልብሱ ከግቢው ወጥቶ የገዛ ሙሽራውን ገፋ። መኪናዋ ደጁ ስትደርስ እጁን አራገፈና ዳቫን ተቀብሎ ገባ። ለአባቱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ቢሰድበው ይሻለው ነበር፤ ፓሽክ ያን ጊዜ ዓይኑ እንባ አቅርሮ የበሩን እጀታ ይዞ ቀረ።

ድግሱ ላይ ግን ክርክሩን ራሱ አነሳው። «ቆመች? ማን አየ ስትቆም? ከፑካ እስከ ደጄ ጎማዋ መሽከርከር አላቋረጠም!» ሽማግሌዎቹ የፓሽክን በግ እየጋጡ ነገሩን መረመሩ። መኪናዋ አልቆመችም፤ የቆመው ሞተሩ ነው፤ የማለው ደግሞ ስለ መኪናዋ ነው። ሥጋው ጥሩ ነበር፣ ፍርዱም ለፓሽክ ሆነ። ሉላሽ ብርጭቆውን አንስቶ «እንግዲህ ጢሙ ተርፏል። ሟቹን ነፍስ ይማር» አለ።

በማግስቱ ሉላሽ ሞተሩን ግቢው ውስጥ ከፈተው። መጀመሪያ ቡሹን በጉጠት ነካ ነካ አድርጎ አየና «የራኪ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፓሽክ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «እሱስ በጥሩ ሁኔታ ነው ያለው፣ ይቆይ» አለ ሉላሽ። ከታች ያለውን ማጥለያ ሲያወጣው የሲሊኮን ቁርጥራጭ እንደ ትል ተጠምጥሞበት ነበር። ክዳኑን ደግሞ ገልብጦ ሣሩ ላይ ወረወረው፤ ያ የጠቆረ ሆዱ ወደ ሰማይ ዞሮ ተኛ። ቶኒን አየው። ዳቫ አየችው። ለእንኳን ደስ ያላችሁ የመጡ ጎረቤቶችም ከበው አዩት። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ነው የባሰው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ባልዲው በድግሱ ጠፍቶ ነበርና ድራኔ ወጥታ ያን ክዳን ከሣሩ ላይ አነሳች። ውስጡን በአመድና በአሸዋ እየፈተገች፣ በፈላ ውሃ እያጠበች አነጻችው፤ ባሏ በዕድሜው ሙሉ ያልነካውን ገጽ በአንድ ከሰዓት አበራችው። ከዚያ ወጥ ቤት ወስዳ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር በጀርባው አጋደመችው።

ፓሽክ ሲገባ ዳቫ ከምድጃው አጠገብ ሽንኩርት ትልጣለች። ክዳኑ ውሃውን ጢም አድርጎ ይዟል። ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ጥሩ ዕቃ ነው አባባ» አለች ዳቫ ቀና ሳትል። «ቡሹ በደንብ ገብቷል። አንዲት ጠብታ አያሳልፍም።»

የዋህ ሆና ይሁን ነገረኛ፣ ፓሽክ ሊለይ አልቻለም። ጎንበስ ብሎ ውሃው ውስጥ ፊቱን አየ፤ ጠብታው ሲወድቅ ጢሙ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ተመልሶ ገጠመ፣ ደግሞ ተሰነጠቀ። ሽማግሌዎቹ የፈረዱለት ፍርድ ያን ጊዜ ከበደው። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ከውሃው በእፍኙ ዘግኖ ፊቱን አረጠበና መላጫውን ይዞ ጓዳ ገባ።

ሲወጣ የላይኛው ከንፈሩ እንደተላጠ ድንች ነጥቷል። ዝናቡ አባርቷል። በእጁ የሲሊኮን ቱቦ ይዞ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ድራኔ።

«ለጣራው። ይቺን ብቻ ዙሪያዋን ትንሽ ቀባ ባደርጋት...»

«ፓሽክ!»

ቱቦውን አስቀመጠ። ድራኔ ከጓሮ አንድ ሸክላ አመጣችለት፤ ሸክላውን የገዛችው ከብዙ ክረምት በፊት ነው፣ ሻጋታ በቅሎበታል። መሰላሉን ደግፋ ያዘችለት። ፓሽክ ወደ ላይ ሲወጣ ያን ባዶ ከንፈሩን አይታ ሳቋ አመለጣት፤ ቀጥሎም በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እሑድ ፓሽክ በእግሩ ቡና ቤት ሄደ። ወንዶቹ ከንፈሩን አይተው ዝም አሉ። እሱ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ አመል ነውና ጣራ እንዴት እንደወጣ፣ ሸክላውን እንዴት እንዳስገባ፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት ጠብታ እንዳልወረደ እያጋነነ አወራ።

«ሥራውስ በየት በኩል ነው?» አለ ሉላሽ። «በመንገዱ ሳልፍ ምንም አላየሁም።»

«በጀርባ ነው።»

«ታዲያ ማን አየህ?»

ፓሽክ እጁን ወደ ጢሙ ሰደደ፤ ጢሙ የለም።

«ድራኔ» አለ። «መሰላሉን ይዛልኝ ነበር።»